ጥርስ ነክሶ መኖር

ከታች በቀኝ በኩል ያለው የመንጋጋ ጥርሴ ተሸርፎ ነው ወደ ጥርስ ሐኪም የሄድኩት። ሐኪሟ መብራቱን አፌ ላይ አስተካክላ ትንሽ ካየች በኋላ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ማታ ማታ ጥርስህን ታፋጫለህ?»

ብቻዬን ነው የምተኛው። ማን ይነግረኛል? «አላውቅም» አልኳት።

እሷ ግን አውቃለች። የጥርሶቼ ጫፍ በሞረድ እንደተሞረደ አልቋል። ጉንጬ ከውስጥ በኩል፣ ጥርሶቼ በሚገጥሙበት ልክ፣ ነጭ መስመር አውጥቷል። ጆሮዬ ሥር ያለውን ጡንቻ በጣቷ ጫን ስታደርገው ከወንበሩ ዘልዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። «ሰሞኑን የከበደህ ነገር አለ?» አለች። «ኧረ ደህና ነኝ» ለማለት ሞከርኩ። ጣቷ አፌ ውስጥ ስለነበር ምን ተብሎ እንደወጣ እንጃ።

ማታ የሚደረግ የፕላስቲክ መከላከያ ሠራችልኝ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ድቅን አለብኝ። ከአንድ ዓመት በላይ፣ እንዴት ነህ ላለኝ ሰው ሁሉ የምመልሰው መልስ አንድ ነበር፤ «ያው፣ ጥርሴን ነክሼ ነው።» አባባል ይመስለኝ ነበር። ለካ የምሬን ኖሯል።

አማርኛ ይህን ነገር ከኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ቅር ያለው ሰው ሆዱ ይብሰዋል። የሰው ችግር ያየ አንጀቱ ይላወሳል። ለቅሶውን ያፈነ ሳግ ይተናነቀዋል። ምስጢር የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። ማውጣት ስንፈልግ «የሆዴን ላጫውትህ» እንላለን፣ ካልፈለግን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው»። ስለ ስሜት ባወራን ቁጥር ስለ አካል እያወራን ነው። እኔ ግን ሀዘኔን ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ነበር ስፈልገው የነበረው።

የሆነው ነገር አጭር ነው። አባቴ ታመመ። አሥራ አንድ ሌሊት ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ አደርኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማታ ነርሷ «ዛሬ ይሻለዋል፣ ሂድና ትንሽ ጋደም በል» አለችኝ። ቤት ገባሁ። የስልኬን ድምፅ አጠፋሁና ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ አራት ሚስድ ኮል ነበረኝ።

በቃ፣ ይኼው ነው። ቀሪውን ማንም ሰው ይገምተዋል።

ቴራፒስት ጋ ሄጄ ነበር፣ ለሰባት ወር። ጥሩ ሰው ነበር፤ በደንብ ያዳምጣል። ችግሩ እኔ ጋ ነበር። ማውራት እችልበታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ታሪኬ ቅርጽ ያዘ። የት ላይ ትንሽ ዝም እንደምል፣ የት ላይ ፈገግ እንደምል ሳላስበው ለመድኩት። «አራት ሚስድ ኮል» የምትለዋን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ነበር የምላት። ዜና አንባቢ በሉኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ አመስግኜ እወጣለሁ። ማታ ጥርሴን ሳፋጭ አድራለሁ።

ቀጥሎ ዮጋን ለብቻዬ ሞከርኩ። ቪዲዮ ከፍቼ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። የኔ ጣት ቁርጭምጭሚቴም ጋ አይደርስም። እልህ ያዘኝ። በሁለተኛው ወር ደረሰልኝ፤ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ሀዘኔ ግን የት እንዳለ እንኳ አላየሁትም። እንዲያውም ዮጋው ጥሩ መደበቂያ ሆነልኝ። «ምን እያደረግህ ነው?» ሲሉኝ «ራሴን እየተንከባከብኩ ነው» እላለሁ፤ ማን ይከራከረኛል?

አንድ ጊዜ ደግሞ በአካል ሰዎች የሚሠሩበት ክፍል ገባሁ። ወደ ፊት ጎንበስ ባልኩበት አስተማሪው ከኋላዬ መጥቶ፣ ሳይጠይቀኝ፣ ጀርባዬን በሁለት እጁ ተጫነው። እንዲያግዘኝ ነው፤ ክፋት የለበትም። እኔ ግን ትንፋሼ ቀጥ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለስኩም።

ዮጋውንና ንግግሩን አንድ ላይ የሚያደርግ ቡድን እንዳለ የነገረኝ ያው ቴራፒስቴ ነው። «ማውራት አላቃተህም፤ ሌላ ነገር ነው ያቃተህ» አለኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም። ትንሽ ተናደድኩ።

ስምንት ሰዎች ነበርን። አሥራ ሁለት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት። ቡድኑ ዝግ ነው፤ ከተጀመረ በኋላ አዲስ ሰው አይገባም። የሚመሩት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ፈቃድ ያላት ቴራፒስት ናት፣ ሌላዋ የዮጋ አስተማሪ። በመጀመሪያ አርባ ደቂቃ ያህል ለስላሳ ዮጋ እንሠራለን። ቀጥሎ ጥቂት ደቂቃ ጋደም እንላለን። ከዚያ ማንም ሳይቸኩል ወንበሮቹን ክብ አድርገን እንቀመጥና እናወራለን። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ይኼው ነው። ያኔ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የማስታውሰው ካልሲዬን ነው። ጫማ አውልቁ ስንባል የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ሰው ሊያለቅስ በተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ቀዳዳው ነው። ጣቴን ወደ ውስጥ አጥፌ ቀዳዳውን ደበቅሁት። ይህቺን ጣት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ለስላሳ ዮጋ ሲባል ላብ የለውም፣ በጭንቅላት መቆም የለውም። ትከሻን ማንከባለል አለ። በእጅና በጉልበት ሆኖ ጀርባን እንደ ድመት ማጉበጥ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማስረግ አለ። ጋደም ብሎ ቅልጥምን ወንበር ላይ መስቀል አለ፤ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ቀበቶ፣ ያገኘነውን ሁሉ እንደገፋለን። በቁሳቁስ እየተደገፉ መሥራትን በዓለም ላይ ያስፋፋው ሕንዳዊው ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 2014 የኖረ ሰው። ልጅ ሳለ ሕመም የሚመላለስበት ደካማ ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ሰውነት ድጋፍ ቢፈልግ ነውር እንዳልሆነ የገባው።

ከእንቅስቃሴው በላይ የገረመኝ ግን አነጋገሯ ነው። አስተማሪዋ አታዝም። «ከተመቻችሁ እጃችሁን ወደ ላይ ማንሳት ትችላላችሁ።» «ዓይናችሁን መክደን ትችላላችሁ፤ ገልጣችሁ መቆየትም ትችላላችሁ።» «ይኼ ካልተስማማችሁ ተዉት።» ማንንም አትነካም። በመካከላችን አትዞርም፤ የራሷ ምንጣፍ ላይ ሆና ነው የምትሠራው። በሩ ገርበብ ይላል እንጂ አይዘጋም። መጀመሪያ ላይ ልስልስ ማለቷ አሰልችቶኝ ነበር። «በቃ አድርጉ በይን» እል ነበር በሆዴ። በኋላ ነው የገባኝ። ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው፣ ያ ነገር ሲደርስ ማንም ፈቃዱን አልጠየቀውም። ስለዚህ እጄን ላንሳ ወይስ ልተው ብሎ መምረጥ ራሱ ሕክምናው ነው። ይህ አሠራር መልክ የያዘው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው፤ ዴቪድ ኤመርሰን የተባለ የዮጋ አስተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአንድ የትራውማ፣ ማለትም ክፉ ነገር የሚተወው የአእምሮ ቁስል፣ ማዕከል ከሐኪሞች ጋር ሆኖ አሳድጎታል።

አንድ ቀን አስተማሪዋ እንዲህ አለች፤ «ከንፈራችሁ ይግጠም፣ ጥርሳችሁ ግን ይለያይ።» ምን ማለቷ ነው? ሞከርኩት። ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰው የላይና የታች ጥርሱ አይነካካም አለችን። ሲያኝክና ሲውጥ ብቻ ነው መገናኘት ያለበት። በዚህ ዕድሜዬ ይህን አላውቅም ነበር። የኔ ጥርስ ቀኑን ሙሉ ግጥም ነው። ላለያየው ስሞክር መንጋጋዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከንፈሬም ተከተለ። ምንም አላሰብኩም፣ ስለ አባቴም አላሰብኩም፤ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሀዘን ዳሌ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ዳሌህን ስትዘረጋ ይወጣል የሚሉ አሉ። በየቦታው ትሰሙታላችሁ። እኔ አልወደውም። ዳሌ መጋዘን አይደለም። የኔ መንጋጋም ሀዘን አላከማቸም። ሥራ ላይ ነበር። አንድ ነገር ከአፌ እንዳይወጣ ቀንና ሌሊት ዘብ ቆሞ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ለቴራፒስቴ ያወራሁት ዘቡ ያሳለፈልኝን ብቻ ነው።

ስለ ትንፋሹ ትንሽ ልበል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው «ተንፍስ» ማለት የምክር ድህነት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። አየር ስናስገባ ልባችን ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ይዘገያል። ጤነኛ ልብ ሁሉ እንዲህ ነው። ስለዚህ አወጣጡን ካስረዘምን ልብ የሚረጋጋበትን ጊዜ አስረዘምን ማለት ነው። እኛ እስከ 4 እየቆጠርን እናስገባ ነበር፣ እስከ 6 እየቆጠርን እናስወጣ ነበር። ቁጥሩን በሰከንድ ካደረግነው በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይመጣል፤ ሳናስበው ከምንተነፍሰው በግማሽ ያነሰ ነው። ይህን ልብን የማዘግየት ሥራ በዋናነት የሚሠራው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል ሥር ተነስቶ፣ በአንገት አልፎ፣ ልብንና ሳንባን ነክቶ፣ እስከ አንጀት ይወርዳል። ስሙ በላቲን «ተንከራታች» ማለት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ይህ ነው፤ ከክሮቹ አብዛኛዎቹ፣ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል፣ ወሬ የሚያደርሱት ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ነው። አንጎል ለሆድ ከሚነግረው ይልቅ ሆድ ለአንጎል የሚነግረው ይበዛል። «ሆዴ ነገረኝ» ያለ ሰው አልዋሸም ማለት ነው።

ዮጋ የሚለው ቃል የመጣው «ዩጅ» ከሚል የሳንስክሪት ሥር ነው። መጥመድ ማለት ነው፤ በሬን ከቀንበር ጋር እንደ መጥመድ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አማርኛችን ውስጥ መጥመድ ሁለት መልክ አለው። በሬ ይጠመዳል፤ ሰውም ይጠመዳል። «አለቃዬ ጠምዶኛል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔን ጭንቅላቴ ነበር የጠመደኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቅሶ ስልክህ የት ነው ይለኛል።

ወደ ሦስተኛው ሳምንት ልምጣ።

ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ማታ፣ እንደ ልማዴ፣ ስለ ዮጋ ሳነብ አምሽቻለሁ። መጨረሻ ላይ በጀርባ የሚተኛበት አቀማመጥ «ሻቫሳና» ይባላል። «ሻቫ» ማለት ሬሳ ነው። የሬሳ አቀማመጥ። ባላነበብኩት ኖሮ!

በማግስቱ ሠርተን ሠርተን ጋደም አልን። መብራቱ ደብዘዝ አለ። በጀርባዬ ነኝ፣ እግሬ ትንሽ ተከፈት ብሏል፣ መዳፌ ወደ ላይ ነው። ጠዋት ስደርስ አባቴን ያገኘሁት ልክ እንዲህ ነበር። መዳፎቹ ወደ ላይ። አንድ ነገር እንዲሰጡት የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሌሎቹ እንደተኙ ናቸው። አስተማሪዋ አየችኝ፤ አልመጣችም። በዚያው ድምፅ፣ ለሁሉም እንደምትናገር ሆና፣ «መቀመጥ ይቻላል። በጎን መተኛትም ይቻላል። እግራችሁ ወለሉን ሲነካ ይሰማችሁ እንደሆነ እዩ» አለች። እግሬን ወለሉ ላይ አደረግሁ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር። ቅዝቃዜው ተሰማኝ። ይህንን ያህል ብቻ ነው ያደረግሁት።

ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ያለ ወትሮዬ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ዜና አንባቢው ጠፍቷል። ዓረፍተ ነገር አልገጣጠም አለኝ። «መዳፉ» አልኩ፤ እንደገና «መዳፉ» አልኩ። ከዚያ ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር ወጣ። ስልኩን ያጠፋሁት ረስቼ አልነበረም። አውቄ ነው። አሥራ አንድ ሌሊት ደክሞኝ ነበር፤ ለአንድ ሌሊት ማንም እንዳይጠራኝ ፈለግሁ። አባቴም ቢሆን።

ማንም «አይዞህ» አላለኝም። ማንም «ያንተ ጥፋት አይደለም» አላለኝም። የቡድኑ ደንብ ነው፤ ምክር አይሰጥም፣ ማጽናኛ አይጣደፍም። ዝምታው ረዘመ። ከፊት ለፊቴ ስድሳን ያለፉ አንዲት ሴት ነበሩ። እስከዚያ ቀን ብዙም አይናገሩም። የተናገሩትን ለመጻፍ አስፈቅጃቸዋለሁ።

«እኔ ከጎኑ ነበርኩ ልጄ» አሉ፤ ስለ ባለቤታቸው ነው። «እጁን ይዤው ነበር። እኔም አልተኛም።»

አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሐሳብ ነበር የቆምኩት። ብኖር ኖሮ፣ እጁን ብይዘው ኖሮ፣ ዛሬ ሰላም ይኖረኝ ነበር የሚል ሐሳብ። እጅ የያዘው ሰው ከፊቴ ተቀምጧል። እንቅልፍ የለውም። ምን ልበል? ምንም አላልኩም። ጥርሴ ግን አልተነካካም፤ ያን አስተውያለሁ።

የቡድን ሕክምናን የሚያጠኑ ሰዎች ለዚህ ስም አላቸው። ኧርቪን ያሎም የተባለው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ቡድንን ፈዋሽ የሚያደርጉ 11 ነገሮችን ዘርዝሯል። አንዱ «የኔ ብቻ አይደለም» የሚለው ስሜት ነው። እውነት ነው፤ ግን እኔ ላይ የሆነው ከዚያ ትንሽ ይለያል። ሴትየዋ እንደኔ አልነበሩም። የተገላቢጦሽ ነበሩ። ብቻውን የተቀመጠ ሐኪም፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ሊለኝ አይችልም። ቢለኝም አላምነውም። እጁን የያዘው እሱ አይደለማ።

እዚህ ላይ አንድ የድሮ ታሪክ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1905 ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ ፕራት የሚባል ሐኪም ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ነበሩት፤ ድሆች፣ ማገገሚያ ለመግባት አቅም የሌላቸው። ስለ ዕረፍት፣ ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ አመጋገብ በአንድ ላይ ሊያስተምራቸው በሳምንት አንድ ቀን ሰበሰባቸው። ሐሳቡ ጊዜና ገንዘብ ለመቆጠብ ነበር። በኋላ ሲያይ ግን መሰባሰቡ ራሱ ያበረታቸዋል፤ አንዱ ክብደት ሲጨምር ሌላው ተስፋ ያደርጋል። የቡድን ሕክምና መነሻ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቆጠራል። ደስ የሚለኝ ነገሩ ከሳንባ መጀመሩ ነው። ንግግሩ ሳይመጣ በፊት ትንፋሽ ነበረ።

ጣቷን ረሳኋት እንዳትሉ። በስድስተኛው ሳምንት ነው። ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ቀለል ሲለኝ ደግሞ ዜና አንባቢው ተመለሰ። ያንን ስልኩን አውቄ አጠፋሁት የሚለውን እንኳ አሳምሬ መናገር ጀመርኩ። ክቡ ውስጥ ተመቻችቼ ተቀምጬ «አሁን ራሴን ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ጥሩ ተናገርኩ፤ በራሴ ኮራሁ። ከጎኔ ያለው ልጅ፣ ከሁላችንም በዕድሜ ትንሹ፣ ፊቴን ሳይሆን ወለሉን እያየ ነበር።

«ይቅርታ» አለ፤ «ስታወራ እግርህን አየሁት። ጣቶችህ ተጨብጠዋል።»

ሁላችንም አየን። ካልሲዬ አዲስ ነበር፤ ቀዳዳ የለውም። ጣቶቼ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ወደ ውስጥ ታጥፈው ካልሲውን ጨምድደው ይዘዋል። አንድ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ተለወጠና አለቀስኩ፤ በሰው ፊት፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ።

ይህ ለብቻዬ በሠራሁት ዮጋ ላይ ሊደርስብኝ አይችልም ነበር። ጣቴን ማን ያይልኛል? ንግግር ብቻ በነበረበት ክፍልም አይደርስም። ጫማ አድርጌ ነበር። እኔ በቃል መዋሸት እችላለሁ፤ ያኔ ሰውነቴ ያጋልጠኛል። በሰውነቴም መዋሸት እችላለሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ቪዲዮ ፊት ዋሽቻለሁ። በሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ያውም በቡድኑ ሁሉ ፊት መዋሸት ግን አልተቻለኝም።

መረጃ የምትፈልጉ ትኖራላችሁ። በሰፊው የሚጠቀሰው ጥናት ቤሰል ቫን ደር ኮልክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ነው። ከትራውማ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት ለዓመታት ያልለቀቃቸው፣ ሕክምናም ያልረዳቸው 64 ሴቶች ነበሩ። ከፊሎቹ ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ያንን ጥንቃቄ ያለውን ዮጋ ሠሩ። ከፊሎቹ ለዚያው ያህል ጊዜ በቡድን ስለ ሴቶች ጤና ተማሩ። መጨረሻ ላይ ከዮጋዎቹ 31 ሴቶች 16ቱ የሕመሙን መስፈርት አያሟሉም ነበር። ከሌሎቹ 29 ግን 6ቱ ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሴቶችን ብቻ ነው ያየው፣ የተለካውም ዮጋው እንጂ ዮጋና የቡድን ሕክምና ተጣምረው አይደለም። ስለዚህ «ተረጋግጧል» ብዬ ጡሩምባ አልነፋም። አንድ ነገሩን ግን ልብ አልኩ። እስከ አጋማሹ ድረስ ሁለቱም ወገን ተሻሽሎ ነበር። መሻሻሉ የጸናው ዮጋ የሠሩት ላይ ነው፤ ሌሎቹ ተመለሰባቸው። እኔ ይህን ሳነብ ሰባት ወር ያወራሁት ታሪኬ ነው የታየኝ።

ለሁሉም አይሆንም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ኃላፊነት የጎደለው ይሆናል። ከመካከላችን አንድ ሰው ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አልመጣም። ትንፋሹን ማዳመጥ ራሱ ያስጨንቀው ነበር፤ ባዳመጠው ቁጥር አየር ያጠረው ይመስለዋል። እንዲህ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ፤ ድክመት አይደለም። ከቴራፒስቷ ጋር ተነጋግሮ ሌላ ዓይነት ሕክምና ጀመረ። የደም ግፊት ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ጭንቅላት ወደ ታች የሚሆንበትን አቀማመጥ ሐኪም ሳይጠይቅ ባይነካ ይሻለዋል። ነፍሰ ጡርና በቅርቡ ቀዶ ጥገና ያደረገም እንደዚያው። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ነው መሮጥ ያለበት፣ ወደ ምንጣፍ አይደለም። መድኃኒት የሚወስድም ዮጋ ተስማማኝ ብሎ በራሱ ሥልጣን አያቁም።

ሌላው የማስጠነቅቀው በአስመሳይ ነው። ሻማ ለኩሶ፣ ሰው አስለቅሶ፣ «ተፈወሳችሁ» ብሎ የሚሸኝ ሞልቷል። ማስለቀስ ቀላል ነው። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ያ ሰው በምን ሁኔታ ወደ ቤቱ ይገባል? የኛ አስተባባሪዎች የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች አይነኩም ነበር። የቱንም ያህል ትልቅ ነገር ቢጀመር፣ አሥር ደቂቃ ሲቀር ወደ እግር፣ ወደ ወለል፣ ወደ ክፍሉ እንመለሳለን። በመስኮት የሚታየውን እንቆጥራለን። ያኔ ያበሳጨኝ የነበረ ነገር ነው፤ ትልቁን ነገር ልናገር ስል ሰዓቱ ይደርሳል። አሁን ሳስበው አንድም ቀን ተበታትኜ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ልትገቡ ያሰባችሁበት ቡድን ካለ ይህንን ጠይቁ፤ ቴራፒስት አለ ወይ፣ አስተማሪዋ ሳትጠይቅ ትነካለች ወይ፣ ስብሰባው ሲያልቅ ሰዉን እንዴት ነው የምትሸኙት?

የሌሎቹን ታሪክ ለምን አልነገርከንም የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የኔ ስላልሆነ ነው። ክፍሉ ውስጥ የተባለው እዚያው ይቀራል ተባብለናል። እዚህ የጻፍኩት የራሴን፣ የተፈቀደልኝን ሁለት ንግግርና፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ሰው መቅረቱን ብቻ ነው።

ጥርሴስ? አሁንም አፋጫለሁ፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሐኪሟ ባለፈው ስታየኝ ጆሮዬ ሥር ያለውን ጡንቻ ተጫነችው። አመመኝ፤ ግን አልዘለልኩም። መከላከያውን ሌሊት ሌሊት አደርጋለሁ። ዜና አንባቢውም አልሞተም። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ እንኳ አንድ ሁለቴ መጥቶ ዓረፍተ ነገር አሳምሮልኛል፤ የቻልኩትን ሰርዣለሁ።

በሻቫሳና ጊዜ በጎኔ ነው የምተኛው። በጀርባ መተኛት አልቻልኩም። ትራስ ደረቴ ላይ አቅፋለሁ። አስተማሪዋ አንድም ቀን «ዛሬስ ትሞክረው?» አላለችኝም።

በአሥረኛው ሳምንት ቴራፒስቷ አንድ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ተኝቼ አላውቅም። ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ትራሴ ሥር ነው የሚያድረው። አሁን ማን ይደውልልኛል? ማንም። «ለአንድ ሳምንት አጥፍተህ ተኛ፤ ካልተመቸህ ተወው» አለችኝ፤ ያችው «ካልተመቸህ»።

በቀጣዩ ሳምንት ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ምን አደረግህ አሉኝ። ሁለት ሌሊት አጥፍቼ መተኛቴን፣ በሦስተኛው ተነስቼ መልሼ መክፈቴን ነገርኳቸው። አሳምሬ ለመናገር አልሞከርኩም። ጣቶቼን አየሁ፤ ተዘርግተዋል። ሴትየዋ ከፊት ለፊቴ ናቸው።

«ሁለት ሌሊት ተኛህ?» አሉኝ።

«በመጀመሪያው አልተኛሁም። በሁለተኛው ተኛሁ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ አሥራ ሁለት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ጎናቸው ጎንበስ ብለው የወደቀ ብርድ ልብሳቸውን አነሱና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።